ደንብ ቁጥር 17 ላይ የቆመው ውሃ

ኅዳር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.። ማርያማዊት ዘመነ ከስምንተኛ ክፍል ከታገደች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው።

ለክቡር ርእሰ መምህር አቶ ይሄይስ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉንፋኑ ለቀቀዎት ወይ? ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ጠርተው ልጄን ያገዱበትን ምክንያት ሲያስረዱኝ ሳሉ ሁለት ጊዜ አቋርጦዎት ነበርና እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። እኛ ደኅና ነን። ውሃው ከሜዳው ጎድሏል፤ የተረፈችውን ሩዝ አጭደናል፤ ልጅቱም እቤት ተቀምጣ ዝም ብላለች።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ የማርያማዊት አባት ዘመነ ነኝ። ሩዝ አብቃይ ነኝ፤ ጎረቤት ሲቸግረው ደግሞ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የምለጥፈው ለክስ አይደለም። ምስጋናዬን ሌላውም ወላጅ እንዲያነበው ብዬ ነው።

የክልላዊ ፈተናው ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ልጄ እንድትመዘገብ ከፈለግሁ «ልጄ ከመማሪያ መጽሐፉና ከመምህሯ ማስታወሻ ውጭ አንድም ዓረፍተ ነገር እንዳትጽፍ ግዴታ ገብቻለሁ» የሚለውን ወረቀት እንድፈርም አዝዘውኛል። ነገ ጠዋት መጥቼ እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት ግን የዋሉልንን ውለታ በተራ ቁጥር እንድዘረዝር ይፍቀዱልኝ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከግድግዳዎ ተረድቻለሁ።

1. ስለ ግድግዳው አመሰግናለሁ።

በታችኛው ሕንፃ ላይ ከጣራው ሥር ጀምሮ እስከ መሬት ድረስ ሃያ ስድስት ደንቦች በሰማያዊ ቀለም አስጽፈዋል። ርብ በየክረምቱ ሞልቶ በሚወጣበት በዚህ ሜዳ፣ እኛ እህላችንን ቆጥ ላይ በምንሰቅልበት አገር፣ ጽሕፈትን እስከ መሬት ማውረድ ድፍረት ይጠይቃል። ደፍረዋል። እኛም ተጠቀምንበት።

ነሐሴ ላይ ውሃው ቤታችን ሲገባ፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ ሆነን ከነጥጆቻችን ወደ ትምህርት ቤቱ ላይኛው ሕንፃ ወጣን። እርስዎ ባሕር ዳር በዕረፍት ላይ ስለነበሩ አላዩንም። ውሃው ተከትሎን ግቢው ድረስ መጣ። ምን ያህል እንደሚወጣ የምናውቅበት ሌላ ነገር አልነበረንምና በደንቦችዎ እንለካው ጀመር። ዓይኗ ከሁላችን ስለሚሻል አንባቢያችን ማርያማዊት ነበረች። ፊደል ያልቆጠሩት ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሐና በየሰዓቱ ይጠይቋታል።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንስ ስንት ላይ ደረሰ?»

«ሃያ አንድ ላይ ነው እማሆይ።»

«ሃያ አንድ ምን ይላል?»

«ፀጉር አንጨባርሮ መምጣት ያስቀጣል ይላል።»

«እሱስ ይጥለቅ።»

ላሙ የሞተችበት ሰው ሳይቀር ሳቀ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ውሃው ቁጥር 17 ጋ ደርሶ ቆመ። ቁጥር 17 እንደሚያውቁት «ያለ ፈቃድ ወደ ግቢው መግባት ክልክል ነው» ይላል። ለሦስት ቀን እዚያው ቆይቶ ከዚያ መጉደል ጀመረ። በእነዚያ ቀኖች ከመንግሥት ወገን የደረሰልን ጽሑፍ ያ ብቻ ነበርና ላስጻፉት እጅዎ ይባረክ።

2. ስለ መምህር አንለይ አመሰግናለሁ።

መምህሩ ጥቅምት ላይ «ክረምት» በሚል ርእስ ድርሰት አዘዙ። ተማሪዎቹ እንዳይቸገሩ ብለውም ድርሰቱን ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው፦ «ክረምት ምድር በአረንጓዴ የምታጌጥበት፣ ገበሬው በደስታ የሚያርስበት ወቅት ነው።» ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች ይህንኑ ገልብጠው ሃምሳ ስምንቱም አሥር ከአሥር አገኙ። ያንን በደስታ የሚያርስ ገበሬ ቀበሌያችን ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። አድራሻው ካለዎት ቢልኩልኝ ላየው እወዳለሁ።

ማርያማዊት የጻፈችው ይህን ነው፦ «ውሃው ያለ ፈቃድ ግቢያችን ገባ። ሃያ ስድስትን ዋጠ፤ ሃያ አንድን ዋጠ። አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ የተጻፈውን አነበበና አፍሮ ቆመ። እናቴ ውሃ እንኳ ሲያፍር ሰው ለምን አያፍርም አለች፤ ማንን እንደሆነ ግን አልነገረችንም።» በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ቀኑንና ውሃው የደረሰበትን የደንብ ቁጥር ጎን ለጎን አድርጋ፣ ከቅዳሜ እስከ ኀሙስ፣ በሠንጠረዥ አስቀምጣዋለች።

መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ውሃ አያነብም» ብለው ዜሮ ከአሥር ሰጧት። ልክ ናቸው፤ ውሃ አያነብም። እሳቸውም ሁለተኛውን ገጽ አላነበቡትም። በዚህ በኩል ከውሃው የሚለዩት ውሃው አንድ ቦታ ላይ በመቆሙ ብቻ ነው።

3. ስለ እርስዎ አመሰግናለሁ።

አንድ ርእሰ መምህር የአንዲት ልጅ ደብተር እሱ ድረስ ሲመጣለት ጊዜ አጥቶ ሊያልፈው ይችል ነበር። እርስዎ ግን ጊዜ ሰጡት። በማግስቱ ባንዲራ ሲሰቀል ልጄን ፊት አቁመው ድርሰቷን በድምፅ ማጉያ አነበቡት። ከዚያ ዘጠኝ መቶ ተማሪ በአንድ አፍ «ውሃ አያነብም» እንዲል ሦስት ጊዜ አስደገሙ። እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ላይ በጣም ተባብረው ስላሉት እኔ ማሳዬ ድረስ ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

«ማን ነው የማያፍረው ሰው?» ብለውም ጠየቋት። አላውቅም አለች። በእርግጥም አታውቅም። ባለቤቴ ማስተዋል ያንን ያለችው ታንኳችንን በጎርፉ ቀን ወስዶ ላልመለሰ ጎረቤት ነበር። እርስዎ ግን ለራስዎ ወሰዱት። ማስተዋልም ይህን ስነግራት «ይሁን፣ ይውሰዱት» ብላለች።

ደብተሩን ለማስረጃ ብለው ያዙት። ልጅቱ ሦስት ቀን ጠጠር ላይ ተንበርክካ ቁጥር 17ን ሁለት መቶ ጊዜ እንድትጽፍ ፈረዱባት። ጻፈች። በሁለት መቶኛው መስመር ላይ ግን «ያለ ፈቃድ ወደ ግቢው መግባት ክልክል ነው፤ ውሃውን ማን ፈቀደለት?» ብላ ጨመረች። መምህር አንለይ ሁለት መቶውንም መስመር አንድ በአንድ ቆጥረው ስለነበር አገኙት። ድርሰቷ ሁለት ገጽ ብቻ በመሆኑ ነው ያላነበቡት ማለት ነው፤ ሁለት መቶ መስመር ቢሆን ኖሮ ያነቡት ነበር። የታገደችው በዚህ ነው።

4. ውጤቱን በቅርብ ስለማየው ይህን በተለይ አመሰግናለሁ።

ማርያማዊት ከዚህ በፊት ዝም የማትል ልጅ ነበረች። ላሞቹን በሚረግጡት ጭቃ ድምፅ ትለያቸዋለች፤ ዳመናውን በጎረቤት ሰው አካሄድ ትጠራዋለች። በዚህ የተነሣ እራት ላይ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብለን እንስቅ ነበር፤ ሥራም እንፈታ ነበር። አሁን ይህ ሁሉ ቀርቷል። ውሃ ስትቀዳ የክፍሏ ልጆች «ማርያማዊት፣ ውሃው ዛሬስ ምን አነበበ?» ይሏታል። እሷም ጀሪካኗን አዝላ ትመጣለች።

ባለፈው ሰኞ ሩዙን ለማድረቅ አስጥተን ሄዳ እንድታይ ልኬያት ነበር። ስትመለስ «እንዴት ነው ሩዙ?» አልኳት። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማ «ሩዝ ጠቃሚ የእህል ዓይነት ነው» አለችኝ።

እናቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ልጅቱ አልሳቀችም። ሩዙን የበጋ ዝናብ መትቶት ነበር።

ለዚህ ነው እንኳን ደስ ያለዎት የምለው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያየችውን እንዳትናገር ለማድረግ ብዙ ሰው ዓመታት ይፈጅበታል። እርስዎና መምህር አንለይ በአንድ ወር ጨርሳችሁታል።

5. ይህ ምስጋና ሳይሆን ማብራሪያ ነው።

ጥብቅ መምህር የምጠላ ሰው እንዳይመስልዎት። በልጅነቴ ከጣራ ገዳም ወዲህ ከየኔታ ኪዳነ ማርያም ዘንድ አራት ዓመት ቅኔ ተምሬያለሁ። የኔታ ይገርፉ ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ምልክቱ አለ፤ ደግ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥረን፣ ማለት ከራሳችን ፈጥረን፣ እንድንነግራቸው ነበር የሚፈልጉት። የትናንቱን ዛሬ ይዞ የቀረበ፣ የጓደኛውንም የራሱ አስመስሎ የተናገረ፣ ጅራፉ እሱን ያገኘው ነበር። እኔን ያገኘኝ በሁለተኛው ነው። እንግዲህ እርስዎ ዘንድ የሚቀጣው የራሱን ያመጣው ነው፤ የሰውን የገለበጠው አሥር ከአሥር ያገኛል። ጅራፉ ያው ነው። የዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው የተለየው። የኔታ በሕይወት ቢኖሩ ሃምሳ ስምንቱን ተማሪ ተራ በተራ ይገርፉ ነበር፤ ሃምሳ ዘጠነኛዋ ልጄ ጋ ግን የሚደርሱ አይመስለኝም፤ መምህሩ ላይ ይደክማቸዋልና።

ለማንኛውም ነገ እፈርማለሁ። ሐሙሲት ያለችው እህቴ ልጅቱን ወደ እኔ ላካት ብላኝ ነበር፤ ምዝገባው እዚያ አልፏል። ልጅቱም ራሷ «አባየ፣ ፈርምና ልግባ፤ ከእንግዲህ ምንም አልጽፍም» ብላኛለች። እንዲህ ብላ ከለመነችኝ በኋላ አልፈርምም ማለት አባትነት አይደለም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ጉንፋኑ በቶሎ እንዲለቅዎት፣ ግድግዳዎ እንዲደርቅ፣ ሃያ ስድስቱ ደንቦችም ለሚቀጥለው ክረምት በደኅና እንዲያደርሱን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ልጁን አስተካክለው የመለሱለት፣
ዘመነ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለመምህር አንለይ (ሁለተኛውን ገጽ ጭምር እንዲያነቡ)
ለርብ ወንዝ (እንዲያውቀው ያህል)

የቀረ ነገር፣ ኅዳር 19፣ ረፋድ፦

ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት፣ ቃሌን አክብሬ ልፈርም ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሠርካለም በአክብሮት ተቀብላኝ የግዴታውን ወረቀት ጠረጴዛዎ ላይ ዘርግታ፣ የእርስዎን እስክሪብቶ ሰጥታኝ፣ የማኅተሙ ቀለም ደርቆ ስላገኘችው «እዚሁ ይቆዩኝ፤ ከሒሳብ ክፍል ለምኜ ልምጣ» ብላ ወጣች። እኔም መፈረም ጀመርኩ። «ዘመ» ብዬ ጽፌ ሳለ ከወረቀቱ ሥር ያለውን አየሁት።

ለወረዳው የጻፉት የጎርፍ ሪፖርት ነበር። የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ነው። ነሐሴ ላይ በሜትር የለካ ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል፣ የውሃውን ከፍታ በደንብ ቁጥር ነው ያስቀመጡት። ቅዳሜ 26፤ እሑድ 21፤ ሰኞ 17። ሠንጠረዡ እንኳ ያው ነው። ከሥሩም እንዲህ ይላል፦ «ውሃው ከደንብ ቁጥር 17 ሳያልፍ ሊቆም የቻለው የትምህርት ቤቱ አመራር በወሰደው ወቅታዊ እርምጃ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ ውሃው አንብቦ ቆመ ብትል ጠጠር ላይ ተንበረከከች። እርስዎ ከባሕር ዳር ሆነው አዝዘውት ቆመ ብለው ማኅተም መቱበት።

የማርያማዊት ደብተር ከጎኑ ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተገልጦ፣ መነጽርዎ ተቀምጦበታል። በትምህርት ቤቱ ያንን ገጽ ያነበበ አንድ ሰው በመኖሩ ደስ ብሎኛል። መነጽሩን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ደብተሩን ግን ይዤዋለሁ። ከነቀዩ ዜሮ ነው ያለው፤ ቀኑም የጥቅምት ነው፤ ሪፖርትዎ የኅዳር ነው። ዓርብ ድረስ እቤት ነኝ። የልጄ ስም ከተመዘገበ ደብተሩ የእሷ ነው፤ ትጽፍበታለች። ካልተመዘገበ ቅዳሜ ወረዳው ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ፤ የእሷ ዜሮ ካገኘ ግልባጩ ስንት እንደሚገባው እነሱ ይንገሩን።

የስሜን መጨረሻ «ነ»ን አልጻፍኩም። እስክሪብቶውን ከድኜ ተነሣሁ። ወይዘሮ ሠርካለም ቀለሙን ይዛ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ተላለፍን፤ «ጨረሱ እንዴ?» አለችኝ፤ ወረቀቱን ሄዳ ብታየው ይሻላል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። በር ላይ ዘበኛው መባ ደብተሩን አይቶ «አያ ዘመነ፣ ደብተር ይዘህ ነው የምትወጣው? ፈቃድ አለህ?» አለኝ።

ወደ ግድግዳው አሳየሁት። ቁጥር 17 ያለ ፈቃድ መግባትን ይከለክላል፤ ስለ መውጣት ምንም አይልም። አልፌው ወጣሁ።