ሳልነካት ወደቀች

ገንዳ ውሃ፣ ቅዳሜ ኅዳር 13

ዛሬ በጣም ተናድጃለሁ። 

ስምንት ወር ሙሉ ቴኳንዶ ስማር ከረምኩ። መጀመሪያ ብቻዬን ከስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ በኋላ የከተማችን ወጣቶች ክበብ ገብቼ። በሃምሳ ዓመት እግርን ከወገብ በላይ ማንሳት ቀላል አይደለም። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን እንኳ አንድ ቀን አልቀረሁም።

ዛሬ የቢጫ ቀበቶ ፈተና ነበር። የደረሰችኝ ተጋጣሚ የእህቴ ልጅ ሀያት ናት። "አንቺ የሰሊጥ አገዳ፣ ዛሬ እናትሽም አታስጥልሽም!" ብዬ ፎከርኩባት። ከዚያ እግሬን ወነጨፍኩ። ደረቷ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀረው ዝርር ብላ ወደቀች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ አሰልጣኙም ቀበቶውን አሰረልኝ።

ውጭ ጠብቄ ያዝኳት።

"ለምን ወደቅሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ አጎቴ? ሰው ፊት እርስዎን ልምታ?"

"እስከ ዛሬስ?"

መሬት መሬት እያየች፣ "ወላሂ ሁላችንም እንደዚሁ ነን። ትልቅ ሰው እንዴት ይመታል?" አለች።

ስምንት ወር! የጣልኩት ሁሉ አክብሮኝ ነው የወደቀው። ተመልሼ ገብቼ ቀበቶውን አሰልጣኙ እግር ሥር ወረወርኩት።

"ሰኞ እንደገና ፈትነኝ። ሀያትም ከልቧ ትምታኝ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ይጎዳሉ" ይለኛል ደግሞ!

ቤት ከገባሁ ወዲህ የባሰ ነገር መጣብኝ። በልምምድ መሃል ስቀልድ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። እሱስ ከልባቸው ነበር?