እማዬ እያለች የማይታተሙት የአባዬ መጻሕፍት

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ነህምያ፣

እንደምን ከርመሃል? ሰላምህ ይብዛልኝ። ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ሱቅ ውስጥ ቆመህ መዋሉ አልለቅ አለህ? ባለቤትህ ጣቢታስ እንዴት ናት? ትንሹ ሚክያስ ትምህርት ቤት ገባ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ስኳሯ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ከማለቱ በቀር በርትታለች፤ ዛሬም እሁድ እሁድ መዘምራኑን ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች።

ስለ አባዬ መጻሕፍት በጠየቅኸኝ ቁጥር የኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል እያልኩ ሦስት ወር ያቆየሁህ ውሸቴን ነው። እማዬ ድምፅህን መስማት ስለምትፈልግ ስልኩን ሁልጊዜ ጮክ አድርጌ ነው የማነጋግርህ፤ እሷ እየሰማች ደግሞ እውነቱን መናገር አልችልም። ጎረቤታችን አበራሽ ልጇን ልትጠይቅ ጆሃንስበርግ ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። እባክህ ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

እዚያ ያገኘሃቸው የጃጁራና የሆመቾ ሰዎች «በመምህር ኤሊያስ ጨዋታ ነው ያደግነው» ብለውህ የደወልክልኝ ቀን እኔም እንዳንተው ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ያኔ ጡት ትጠባ ስለነበር አታስታውሰውም። እኔ ግን የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ዛሬም ይታየኛል። በጨዋታው ከአባዬ ተማሪዎች አንዱ ጨው ነጋዴ፣ አንዷ ወጌሻ፣ አንዱ መልእክተኛ ይሆናሉ። አባዬ መንገዱን ይተርካል፣ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ የብላቴ ወንዝ ይውሰዳቸው ወይ ያሻግራቸው እንደሆነ ባለነጥቡ ጠጠር፣ ዳይሱ፣ ተጥሎ ይታወቃል። አባዬ ታሪኩንና ሕጉን በስቴንስል አባዝቶ፣ «ከብላቴ ማዶ» የሚል ስም ሰጥቶ፣ በአውቶቡስ እስከ ቦኖሻ ይልከው ነበር። ስድስት መጽሐፍ አወጣ። በእኛ አካባቢ ከእሱ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ያወጣ ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም።

ቤታችን ውስጥ አንድም ቅጂ አልነበረም። ብዙ ሰው ጠይቄ በመጨረሻ ጃጁራ ጋሽ ናስረዲን ዘንድ አገኘሁ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጎልማሳ ሆኖ ነው ከአባዬ ዘንድ የተማረው። ስድስቱንም በላስቲክ ጠቅልሎ ሠላሳ ዓመት አስቀምጧቸዋል። ልቡን ያመዋል። «ጽፈሽ መልሺልኝ፤ ታትሞ ሳላየው እንዳልሞት» አለኝ። ሱቄ ውስጥ የደንበኞችን ውልና ማመልከቻ እየጻፍኩ በመሀል በመሀሉ የአባዬን መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ማክሰኞ አራተኛውን መጽሐፍ ቤት ረስቼው ወጣሁ። ለምሳ ስመለስ እማዬ ጉልበቷ ላይ አድርጋው አገኘኋት። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ በሀዲይኛ «እነዚህ ተቃጥለው አልነበር ወይ?» አለች።

ነህምያ፣ ታሪኮቹ የእሷ ናቸው። ወንዝ አሻጋሪዋ ሴት፣ ጨው ነጋዴው፣ ሁሉም እናቷ ሆመቾ ሳሉ የነገሯት ነው። እሷ ትነግረዋለች፣ አባዬ በአማርኛ ይጽፈዋል። በ1986 ዳይሱ ቁማር ነው፣ ጥንቆላ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። በዚያው ሰሞን አንተ ትኩሳት ይዞህ ስድስት ቀን ዓይንህን አልገለጥክም። እማዬ ቅጣት መሰላት። ማንም ሳይልካት ራሷ ሄዳ የአባዬን ጨዋታ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተናገረች። አባዬ ተጠራ፤ ሁለተኛ ላያትም በምእመኑ ፊት ቃል ገባ፤ የቀረውን አውጥቶ ግቢያችን ውስጥ አቃጠለ። አንተም ዳንክ።

አባዬ ማን እንደተናገረበት ሳያውቅ ነው የሞተው። «ልነግረው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት» አለችኝ። አለቀሰች ብዬ አልዋሽህም፤ አላለቀሰችም። መጽሐፉን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር።

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ ሽማግሌዎቹም አይቃወሙም፤ እናሳትመው» ብዬ ለመንኳት። «እኔ እያለሁ አይሆንም» አለች። «ስሙ ከተነሣ ሰው ለምን ተወው ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከሞትኩ የወደዳችሁትን አድርጉ። ለነህምያም እንዳትነግሪው።»

ስድስቱንም ጽፌ ጨርሻለሁ። መጻሕፍቱን ለጋሽ ናስረዲን መልሼለታለሁ፤ በደወለ ቁጥር ሊታተም ደርሷል እለዋለሁ። አንተንም ዋሸሁህ፣ እሱንም። ባለፈው ሳምንት የእማዬ ስኳር ከፍ ብሎባት በባጃጅ ሐኪም ቤት ስወስዳት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነበር። በዚያ መሀል መጽሐፉ እኮ ለመስከረም ሊወጣ ይችላል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የእናቴን ሞት የምጠብቅ ሰው ሆንኩ፣ ወንድሜ። ካንተ በቀር ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ይቅር በላት ብዬ እንዳልለምንህ፣ ይቅር ካልካት ምስጢሯን ማውጣቴን ታውቃለች። እንቢ በያት እንዳትለኝ ደግሞ፣ ካንተ ይልቅ እኔ ነኝ ዓይኗን እያየሁ የምኖረው። ስለዚህ ስትደውል ስለ መጽሐፍ አታንሣ። ስለ እናቷ ጠይቃት፣ ስለ ሆመቾ፣ ስለ ልጅነቷ። ጊዜ ስጣት። አንድ ቀን ከራሷ አፍ ትሰማው እንደሆነ ማን ያውቃል።

ጣቢታን አቅፈህ ሰላም በልልኝ። ሚክያስን ጉንጩን ሳምልኝ፤ አክስትህ ርብቃ ፎቶህን ሱቋ ውስጥ ለጥፋዋለች በለው። አብረውህ ለሚሠሩትም ሰላምታዬን አድርስ። አበራሽን እንደ እናትህ ተቀበላት።

እማዬ ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብላ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። የምጽፈው ስለ ጤናዋ ይመስላታል። «እናትህ ደህና ናት ብለሽ ጻፊ» ብላኛለች፤ ጽፌያለሁ።

እህትህ ርብቃ ኤሊያስ
ሆሳዕና
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.