ስለ እህቴ መጋረጃ ለወረዳችን አስተዳዳሪ

ለክቡር የወረዳችን አስተዳዳሪ ሱዩንቤክ ካልማቶቪች
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን ያምዎታል ሲባል ሰምቼ ተጨንቄ ነበር፤ በምርጫው ዕለት ሙዚቃው ገና ሲጀመር ከሁሉ ቀድመው ሲጨፍሩ ሳይ ግን እፎይ አልኩ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለፈረሶችዎም ጤና እመኛለሁ። እኔ ጃዝጉል እባላለሁ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዋና ከተማችን ቢሽኬክ እማራለሁ፤ ፕሬዚዳንት ስመርጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በጋዜጣ የምጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቤት አመራረጥዎ ላመስግን። በወረዳችን ከባል ዱላ የሸሹ ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ስድስት አልጋ። ታላቅ እህቴ ቡሩል በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ አራት ወር ተኝታለች። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ ምርጫው በመጠለያው እንዲካሄድ፣ ሴቶቹም «ለሦስት ቀን ብቻ ወደየቤታቸው» እንዲሄዱ ጻፉ። የቤቱ ጠባቂ እማማ ካኒፓ ደብዳቤዎን ይዘው መጥተው «የትኛው ቤታቸው?» ብለው ቢጠይቁዎት፣ «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ነገር ያከብዳሉ፤ ሦስት ቀን እኮ ነው፤ የትኛውም ባል ሦስት ቀን ይታገሳል» ብለው እንዳጽናኗቸው ነግረውኛል። አባታችን ያገባች ልጅ ለበዓል እንጂ ለማደር አትመጣም የሚል ሰው ነው፤ በር አልከፈተላትም። እኔ ከቢሽኬክ ቅዳሜ ስደርስ ቡሩል ባሏ ቤት ገብታለች። አንድ ቀን ቀድሜ ብመጣ ኖሮ እያልኩ እስካሁን እበግናለሁ፤ ይህን ግን በእርስዎ ላይ አላሳብብም።

ሁለተኛው አቤቱታዬ ስለ እጩዎቹ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለማን እንደምል ቸግሮኝ ነው። ሴት ፕሬዚዳንት ለማየት ከልጅነቴ ጀምሮ የቋመጥኩ ሰው ነኝ። አሁን አንዲት ሴት ቀረቡና በቴሌቪዥን «ሚስት ቻል አድርጋ ቤቷን ትያዝ፤ መጠለያ ትዳር ያፈርሳል» አሉ። ተፎካካሪያቸው አቶ ሜዴር በየወረዳው ሃያ አልጋ ያለው መጠለያ እሠራለሁ አሉ፤ የቀድሞ ሚስታቸው ደግሞ የእጅ አንጓዋን እንደሰበሩት ለጋዜጣ ተናገረች። የዶርም ጓደኛዬ ፔሪዛት «ሴቷን ትተሽ እጅ ሰባሪ ልትመርጪ? በይ ከእንግዲህ ፌሚኒስት ነኝ እንዳትይን» አለችኝ። «አልጋው ያስፈልገኛል» አልኳት። ወረቀቱ ላይ «ሁሉንም እቃወማለሁ» የሚል ሳጥንም አለ፤ እሱም ቢሆን አልጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። እሁድ የጣት አሻራዬን አስፈትሼ ወረቀቴን ተቀብዬ ወደ ምስጢር መምረጫው ስገባ፣ ያቆማችሁት ልክ የቡሩል አልጋ በነበረበት ቦታ ነበር። የጋረዳችሁበትም መጋረጃ እሷ ለመስኮቱ የሰፋችው ነው። ነጭ ክር አልቆባት ጠርዙን በቀይ ክር ስለሰፋችው ወዲያው ነው ያወቅሁት። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። የጣቢያው ኃላፊ የድሮ አስተማሪዬ ናቸው፤ «ጃዝጉል፣ ልጄ፣ ፈተና አይደለም እኮ፤ ሰልፉ ረዝሟል» አሉኝ። ያኔ አቶ ሜዴር ላይ ምልክት አደረግሁ። የእህቴን አልጋ ይመልስልኝ እንደሆነ ብዬ የሌላ ሴት አንጓ የሰበረን ሰው መረጥሁ፤ አፍሬያለሁ። ስወጣ ገና ከዘይት የወጣ የቦርሶክ ዳቦ ሰጡኝ፤ ርቦኝ ስለነበር በላሁት።

አራተኛ፣ ማንም ከግማሽ በላይ ስላላገኘ ምርጫው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል ተባለ። እርስዎም ዕቃ ማውጣትና ማስገባት ሠራተኛ ያደክማል ብለው ቤቱ እስከዚያው ባለበት እንዲቆይ አዘዙ። ለሠራተኞችዎ ያለዎት ርኅራኄ የሚደነቅ ነው። ወደ ቡሩል ስደውል ስልኩን የምታነሳው አማቷ ናት፤ ድምፁንም ከፍ አድርጋ ሁሉም እንዲሰማ ታደርገዋለች። «ደህና ነኝ ጃዝጉል፤ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» ትለኛለች ቡሩል። ስንት ጊዜ ብደውል ይህችኑ ነው የምትለኝ። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም።

የወንበርዎ ዕድሜ ከእህቴ አልጋ ዕድሜ እንዲረዝም፣ ወገብዎም ለሁለተኛው ዙር ጭፈራ እንዲጠናልዎ ከልብ የምመኝ፣ ለሦስት ቀን ብቻ ታዛዥዎ የሆንኩ፣

ጃዝጉል ኤርኪንቤኮቫ

ማስታወሻ፦ መጋረጃውን አሁን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም። ቡሩል የተመዘገበችው እዚያው ጣቢያ ስለሆነ በሁለተኛው ዙር ባሏ ያመጣታል፤ በቀዩ ክር ታውቀዋለች። ሕጉ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ከመራጩ በቀር ማንም እንዳይገባ ይከለክላል፤ ባልም ቢሆን። ስለዚህ አንዲት ሴት ገብታ ብትቆይ፣ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ እባክዎ አያስጠሯት።