እኔ ቤት የደረሰው የልጄ ማስጠንቀቂያ

በውጭ አገር ለሚኖሩና ለሚጓዙ ዜጎች የደህንነት መልእክት መምሪያ፣ ለተከበሩ ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ በሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ የተሰቀለው «ዜጋችን የትም ይሁን ከጎኑ ነን» የሚለው ሰሌዳም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ነገሬን በተራ ቁጥር ማቅረቤን እንደ ሙያ ልማድ ቆጥረው ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ። ጉዳዩ በውጭ አገር በልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምትሠራው፣ ማለትም ስትሠራ ስለነበረችው ልጄ ነው።

1. ባለፈው ዓመት መምሪያዎ ውጭ አገር ዘመድ ያለን ሁሉ እንድናስመዘግብና አደጋ ሲመጣ መልእክት በቀጥታ በስልካቸው እንደሚደርሳቸው ባስነገረ ጊዜ፣ ከሰፈራችን ቀድሜ የተሰለፍኩት እኔ ነበርኩ። ቅጹን በእርሳስ ሞልቼ፣ አርሜ፣ በቀለም ደገምኩበት። መስኮት አራት ላይ ያሉት ጸሐፊም ተቀብለው፣ «አይዞዎት አባባ፣ እሷም በሰው ወሬ አትሸበር፤ እኛ ሳንነግራት ከቤቷ ንቅንቅ እንዳትል» አሉኝ። ስለዚህ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቃል በቃል ለልጄ አድርሻለሁና። ያለችበት ከተማ መታመስ ሲጀምር ደውላ «አባዬ፣ እዚህ ሰው ሁሉ እየወጣ ነው እኮ» ስትለኝም፣ «የሰው ወሬና የመንግሥት ቃል አንድ አይደለም» ብዬ ገሥጫታለሁ። ልጄ ታዛዥ ናት። እንዲያ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

2. መልእክትዎ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ፤ የደረሰው ግን በእኔ ስልክ ነው። «ያሉበት አካባቢ ለአደጋ የተጋለጠ ስለሆነ ሰነዶችዎን ይዘው በአስቸኳይ ገላጣ ቦታ ላይ ይሰብሰቡ» ይላል። አጻጻፉ እንከን የለውም፤ የጎደለው የቦታው ስም ብቻ ነው። እኔም የመንግሥቱን ቃል የሚያከብር ሰው ማድረግ የሚገባውን አደረግኩ፤ ምድጃውን አጥፍቼ፣ የቤቱን ካርታ በፌስታል ይዤ፣ የጎረቤቶቼን በር እያንኳኳሁ አሥራ አንድ ሰው ወደ ኳስ ሜዳው ወሰድኩ። እዚያ ሰማይ ሰማዩን እያየን እስከ ቀትር ቆምን። ባለሱቁ ጎረቤቴ «ጋሼ፣ እንደው አደጋው ተማሪዎ ነበር እንዴ? አረፈደብን እኮ!» ሲል ሁሉም ሳቀ፤ ጥርስ ባዳ ነው እንዲሉ እኔም ሳቅኩ። በዚያችው ሰዓት ልጄ ከምትኖርበት ሕንፃ በር ላይ ሰው የምታወጣው የመጨረሻዋ አውቶቡስ ሞተሯን አስነስታ ቆማ ነበር። አብራት የምትኖረው የፋብሪካ ጓደኛዋ ሻንጣዋን እየጎተተች «ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!» ብትላት፣ ልጄ «አባዬ መልእክት ይመጣል ብሏል» ብላ ቀረች። የትም ያልተመዘገበችው ጓደኛዋ ዛሬ በሰላም እናቷ ቤት ናት።

3. መልእክቱ ለምን ወደ እኔ እንደመጣ ለመጠየቅ በሳምንቱ መምሪያዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የመዝገብ ኃላፊው በታላቅ ትሕትና እንዳስረዱኝ፣ የኮምፒዩተር መዝገባችሁ ከአሥር አኃዝ በላይ የሆነ ስልክ አይቀበልም፤ የውጭ አገር ስልክ ደግሞ ከነአገሩ መለያ ቁጥር አሥራ ሁለትም አሥራ ሦስትም ይሆናል፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቅጹን ያመጣውን ዘመድ ስልክ ሲያስገቡ ኖረዋል። ክቡር ሆይ፣ በውጭ ላለ ዜጋ ብቻ የተቋቋመ፣ በውጭ ላለ ዜጋ ግን መደወል የማይችል መሥሪያ ቤት መምራት ቀላል ችሎታ እንዳልሆነ እገነዘባለሁ። የቦታው ስም ለምን እንደቀረ ስጠይቅም፣ የወዳጅ አገርን ስም ከአደጋ ጋር ማንሳት ነውር እንደሆነ ተነገረኝ። በወረፋው ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ እሳቸውም መልእክቱ ሲደርሳቸው ቤታቸውን ዘግተው እህታቸው ዘንድ ሸሽተው ነበር። ወንድ ልጃቸው እስካሁን አልደወለም።

4. ለአቤቱታዬ በጽሑፍ የሰጣችሁኝ መልስ «መልእክቱ ለተመዝጋቢዋ ደርሷል፤ ተነብቧል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» ይላል። ስለ ፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

5. ልጄ በዘጠነኛው ቀን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በእግሯ ድንበር ተሻግራ፣ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ፣ አሁን ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ወለል ላይ ትተኛለች። የምትደውለው ለአክስቷ እንጂ ለእኔ አይደለም። በአክስቷ በኩል የላከችልኝ ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ለአባዬ ጠብቄ እንደነበር ንገሪልኝ»። ምን አጠፋሁ ብዬ መከራከር እንድችል እንኳ አልወቀሰችኝም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ካሣ አይደለም። ስሕተቱ የመምሪያውም እንጂ የአባቷ ብቻ እንዳልነበር የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለው አንድ ገጽ ለልጄ እንዲጽፉላት ነው። «ብቻ» የሚለውን ቃል አደራ አይሰርዙብኝ፤ የእኔን ድርሻ እኔው እይዛለሁ።

ቃላችሁን ከልጁ ቃል አስበልጦ ያመነ፣ ጊዜዎን በማባከኑ እጅ ነሥቶ ይቅርታ የሚጠይቅ፣

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ልጄ ራሷ ደወለች። ነገ ተፈናቃዮቹን ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውሯቸው ስለሆነ ልሂድ ወይስ ልቆይ ብላ ጠየቀችኝ። በመምሪያዎ የሚነገረውን ስሚ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን «አጠገብሽ ያሉት ሰዎች ሲነሡ ተነሺ» አልኳት። «እሺ አባዬ» አለች። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ትክክለኛ መልስ ሰጥቻት ከሆነ ይኸው ነው፤ ያስተማራችሁኝም እናንተ ስለሆናችሁ ክብሩን አልነፍጋችሁም።