እህቴን ያስደነገጣት ልቅሶ

ቂርያት ማላኪ፣ ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 18፣ 2018

ዛሬ እህቴን ትርንጎን አየኋት። ጎንደር ሳለን፣ ገና በሕፃንነቷ ለፈረንጆች በጉዲፈቻ የሰጠናት ልጅ ራሷ ፈልጋ አገኘችን። ያቭነ ከተማ፣ አጎቴ ቤት ተቀጣጠርን።

በሩ ተከፍቶ ትርንጎ ስትገባ እማዬ መርዶ እንደሰማ ሰው ደረቷን እየደቃች ጮኸች። አክስቶቼም ይባስ ብለው ልቅሶውን ተቀበሏት። እኛ ጠፍቶ የተገኘን ሰው መጀመሪያ እናለቅስለታለን፤ እሷ ግን ይህን ከየት ታምጣው? ፊቷ አመድ መሰለ። በእንግሊዝኛ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ባስረዳትም አልተረጋጋችም፤ ሳትቀመጥ ሄደች።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ቤሰደር፣ ምንም አይደል እማዬ፣ ነገ ትደውላለች» አልኩ።

«አልቅሼ ካልተቀበልኳትማ፣ እናቷ መሆኔን በምን ትወቅ?» አለችኝ።

ስልኬን ከእጄ ወሰደች። እስካሁን አልመለሰችልኝም።