ማንም የማይሰርቀው ፊርማ

ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 20 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? የፈረስ ቤት ከተማ ብርድ እንዴት ይዞሻል? አክስትሽስ ወገቧን ተሻላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቤቱ ብቻ ሰፍቶብኛል።

ይህን ደብዳቤ ያለማንም እርዳታ፣ በአንድ ትንፋሽ ጽፌ ጨረስሁት። መምህር ገብረሰንበት እንዳሉት፣ የማታ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ እንደ እኔ ፊደል የፈጀ ሰው አልታየም። ይሁን፣ እንዲህ አላሉም፤ «አንተ ሰው፣ እጅህ የአፍህን ያህል ቢሠራ የት በደረስህ» ነው ያሉ። ትንፋሹም አንድ አይደለም፤ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። «ጸ» እና «ፀ» ለምን ሁለት እንደሆኑ ግን እስካሁን አልገባኝም። ልክ እንደ መጋዘናችን ዘበኞች፣ ለአንድ ሥራ ሁለት ተቀጥረው!

በስልክ ያልነገርሁሽ ወድጄ አይደለም። ድምፅሽን ስሰማ ቀልድ ይቀድመኛል። ወረቀት ላይ ግን ቀልዱን መሰረዝ ይቻላል።

ልጽፍልሽ የፈለግሁት ስለዚያ የጥር ወር የወላጆች ስብሰባ ነው። ፈርሙ ሲሉን አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከፍ አደረግሁና፣ «የእኔን ፊርማ ማንም አይሰርቀውም! የፈለገ ከነእጄ ይውሰደው!» አልሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሲስቅልኝ ልቤ እንደሚያብጥ ታውቂያለሽ፤ ሳይጠይቁኝ ሁለተኛ አተምሁላቸው። አንቺ ከጓደኞችሽ ጋር መስኮቱ ላይ ነበርሽ። መሬት መሬት ስታዪ አይቼ አፍራ ነው አልሁ፤ በማን እንዳፈርሽ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ስትገቢ አውራ ጣታቸውን ያነሱብሽ ጀመር። መጀመሪያ ያነሳችው አብሮኝ መጋዘን የሚሠራው የክንዱ ልጅ መስከረም ናት አልሽኝ፣ ከአንድ ድስት ስትበሉ የኖራችሁት። አስተማሪው ደግሞ «ጎበዝ» እያሉሽ መስሎት ደስ ይለው ነበር አሉ። ስትነግሪኝ ምን አልሁሽ? «አብረሻቸው ሳቂ፣ ይተዉሻል።» አልሳቅሽም። መልሱን እያወቅሽ እጅ ማውጣት ተውሽ። ከሦስተኛ ወደ ሠላሳ አንደኛ ወረድሽ። ከፋሲካ በኋላ «አክስቴ ጋ ልሂድ» ስትይኝ «ሂጂ» አልሁ፤ ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅሁሽም።

ቀልዱ መጋዘን የገባ አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ነው። ክንዱ ከልጁ ሰምቶ ኖሮ፣ ኩንታል ተሸክሜ ባለፍሁ ቁጥር አውራ ጣቱን ቀና ያደርግልኛል። ሌሎቹም ተከተሉት። በመጀመሪያው ቀን ቀድሜ የሳቅሁ እኔው ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን እግሬ ይተሳሰርብኝ ጀመር። ድሮ ከረጢት ላይ የተጻፈውን «ይሄ ምን ይላል?» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ እንዳይስቁብኝ ብዬ መጠየቅ ተውሁ። ተውሁና መድኃኒት የነካውን ዘር በቆሎ ከሚበላው በቆሎ ጋር ከመርሁት። አለቃችን ዳኘው በጊዜ ባያየው ሰው በልቶት ነበር። «ምን ነካህ? ያ ተጫዋቹ ሰውዬ አንተ ነህ ወይስ ጥላህ?» አለኝ። አርባ ኩንታል መልሼ ስለይ ዋልሁ፤ አንድም ሰው አላገዘኝ።

ምሳዬን ከክምሩ ጀርባ ብቻዬን በላሁ። ልጄ፣ እኔን በአርባ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ያደረገኝ ነገር፣ አንቺን በአሥራ አምስትሽ ምን አድርጎሽ ይሆን? በማግስቱ ትምህርት ተመዘገብሁ።

አሁን ደመወዝ የምቀበለው ፈርሜ ነው። ክንዱንም «በቃህ፤ ይሄ ጣት ልጄን ከቤት አስወጥቷል» አልሁት። «ቀልድ እኮ ነው፣ ወንድሜ» አለ። ያንን ቃል ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን እጁን አወረደ።

ደግሞ ባለፈው እሑድ መስከረም መጥታ ነበር። ደጃችን ላይ፣ ምሰሶውን ተደግፋ፣ «መቼ ነው የምትመጣ?» አለች። ከዚያ አለቀሰች።

ያቋረጥሽው የስምንተኛ ክፍል ምዝገባ ጳጉሜ ሦስት ያልቃል። ወላጅ መጥቶ ይፈርማል ይላሉ። የምትመጪ ከሆነ እሄዳለሁ፤ በእስክሪብቶ እፈርማለሁ፣ አንድ ቃል ሳልናገር እወጣለሁ። እዚያው መማር ከፈለግሽም አልቆጣሽም፤ ብቻ ተመዝገቢ፣ እጅሽንም አውጪ።

አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ማስተዋሉን ያብዛልሽ፤ ከአንደበቴም ይጠብቅሽ።

ስሜን ከማኖሬ በፊት አንድ ነገር ላርም፤ ልሰርዘው ስል ወረቀቱ እንዳይቀደድብኝ ፈራሁ። መስከረም አልመጣችም። ማንም አልመጣም። ደጃችን ላይ ምሰሶውን ተደግፎ «መቼ ነው የምትመጣ?» ያለና ያለቀሰ ሰው ግን ነበር። እሱን አልፈጠርሁትም።

አባትሽ