ለምትኬ ያልመለስኩት ጥያቄ

ቡኮቶ፣ ማክሰኞ ሰኔ 3

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፦ የልጅ ልጄን ምትኬ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ታላቅ እህቷ በሞተች በዓመቱ ስለተወለደች ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ አገር ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ የእንቁላል ጥብስ እየበላን የካርቱን ፊልም አየን። አንድ ሳይንቲስት የሞተችበትን ልጁን ከፀጉሯ ዘለላ እንደገና ይሠራታል። አዲሲቱን ልጅ የሟቿን ቀሚስ ያለብሳታል፤ በሟቿ ስም ይጠራታል። ምትኬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰችው።

«አባባ፣ እህቴ ባትሞት እኔን ትፈልጉኝ ነበር?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የተማሪ ጥያቄ ሸሽቼ አላውቅም። ዛሬ ግን «ሮሌክስሽ ሳይቀዘቅዝ ብዪ» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ተማሪዎቼን እንደማደርገው ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«እሺ፣ የቤት ሥራ ነው። ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ መልስልኝ፤ በሙሉ ዓረፍተ ነገር።»